ከጥገና በኋላ ያስቸገረ የትራክተር መሪ፦ ችግሩን ከየት እንፈልገው?

ትራክተሩ ጋራዥ ገብቶ ወጣ። የመሪው ኦርቢትሮል (ከመሪው ዘንግ ሥር ሆኖ ዘይቱን ለክቶ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ተፈትቶ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስስ የሚያትመው ጎማ) ተቀየረለት። ወይም ፓምፑ ተተካ። ወይም የፈነዳ ቱቦ ወጥቶ አዲስ ገባ። ሒሳቡም ተከፈለ። ማሳ ላይ ሲደርስ ግን መሪው ከበደ፤ ወይም ፓምፑ ማቃሰት ጀመረ፤ ወይም ጭራሽ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ወደ ግራ ሄደ። በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ "ፓምፑ አልቆለታል፣ ሌላ ግዛ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከጥገናው በፊት ያልነበረ ችግር ከጥገናው በኋላ ከመጣ፣ መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት እጅ የነካው ቦታ ነው። ያልተነካ ዕቃ በዚያው ቀን በአጋጣሚ የሚበላሽበት ዕድል ትንሽ ነው። ፓምፕ ወይም ኦርቢትሮል ውድ ዕቃ ነው፤ ተፈልጎ እስኪገኝ ደግሞ የእርሻው ወቅት አይጠብቅም። በሰኔ ቆሞ የዋለ ትራክተር የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አይደለም የሚያስተጓጉለው፤ ወረፋ የያዙ ገበሬዎች ሁሉ ማሳቸው ሳይታረስ ይቆያል። ስለዚህ ወደ ኪስ ከመግባት በፊት በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

አሠራሩን ካወቅን ግማሹ ተፈታ

በቅርብ አሥርት ዓመታት የተሠሩት ትራክተሮች አብዛኞቹ መሪያቸው ሃይድሮስታቲክ የሚባለው ዓይነት ነው። በመሪውና በፊት ጎማዎቹ መካከል የሚያገናኝ ብረት የለም። የሚያገናኛቸው ዘይት ብቻ ነው። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ከመሪው ዘንግ ሥር ወደተቀመጠው ኦርቢትሮል ይገባል። ኦርቢትሮሉ የመሪውን ዙር ይለካና ልክ ያንን ያህል ዘይት ወደ መሪው ሲሊንደር ይልካል። ሲሊንደሩ ጎማውን ይገፋል ወይም ይስባል።

ኦርቢትሮሉ ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛው ቫልቩ ነው፦ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞሩ ሁለት የብረት ሲሊንደሮች፣ በቀጫጭን ዝርግ ሞላዎች መሐል ላይ የተያዙ። መሪውን ስታዞሩ ሁለቱ በጥቂቱ ይለያዩና ለዘይቱ መንገድ ይከፍታሉ። እጃችሁን ስታቆሙ ሞላዎቹ ወደ መሐል ይመልሷቸዋል፤ መንገዱም ይዘጋል። ሁለተኛው መለኪያው ነው፦ ብዙውን ጊዜ ስድስት ጥርስ ያለው ኮከብ መሰል ማርሽ፣ ሰባት ጎድጓዳ ባለው ቀለበት ውስጥ ይዞራል። ሞተሩ ሲጠፋ ይህ ማርሽ ራሱ የእጅ ፓምፕ ይሆናል። ሞተሩ የጠፋ ትራክተር መሪው ቢከብድም የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። በቫልቩ ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት ግን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ኦርቢትሮል ሜዳ ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ በቆሸሸ ጨርቅ እየተጠረገ መፈታት የሌለበት ለዚህ ነው።

የቆዩት ትራክተሮች ይለያሉ። እንደ ማሲ ፈርጉሰን 165 ያሉት እና ድሮ ናዝሬት ላይ ይገጣጠሙ ከነበሩት ቤላሩሶች መካከል ብዙዎቹ መሪያቸው በማርሽና በብረት ዘንግ ከጎማው ጋር የተያያዘ ነው፤ ዘይቱ የሚያግዝ ብቻ ነው። የእናንተ ትራክተር የትኛው እንደሆነ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ከመሪው ሥር አራት ወይም አምስት የዘይት ቱቦ ብቻ ከወጣና ወደ ፊት የሚሄድ ዘንግ ከሌለ ሃይድሮስታቲክ ነው። ከዚህ በኋላ የምናገረው በዋናነት ስለዚህኛው ነው፤ ስለ አየር፣ ስለ ዘይትና ስለ ፓምፕ የሚነገረው ግን ለሁለቱም ይሠራል።

ሁለት ጥያቄ

መካኒኩን ወይም ሾፌሩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው። ምን ምን ተነካ? አሁን ያለው ችግር የድሮው ነው ወይስ አዲስ?

ችግሩ የድሮው ከሆነና ምንም ካልተለወጠ፣ የተቀየረው ዕቃ ጥፋተኛ አልነበረም ማለት ነው። ምርመራው ከመነሻው ይደገማል። ችግሩ አዲስ ከሆነ ግን አብሮ የመጣው ከጥገናው ጋር ነው፤ የምትፈልጉትም በተፈቱት ብሎኖች፣ በተነቀሉት ቱቦዎችና በተጨመረው ዘይት ዙሪያ ነው። ይህች ቀላል ጥያቄ ሳትጠየቅ ስንት ደህና ፓምፕ ተፈትቶ ተጥሏል።

ከማስነሳታችሁ በፊት

ኦርቢትሮሉ ተፈትቶ ከተገጠመ የመጀመሪያው ማስነሳት አደገኛ ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል። የፊቱን አካል በክሪክ አንሱና ጠንካራ ድጋፍ አድርጉበት። የኋላ ጎማዎቹን ሽብልቅ አድርጉባቸው። በፊት ጎማና በሞተሩ መካከል ሰው አይቁም፤ ሕፃናትም አይጠጉ። የሚያስነሳው ሰው እጁን በመሪው ቀዳዳዎች ውስጥ አያስገባ። ሞተሩን ወዲያው ለማጥፋት ዝግጁ ይሁን።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦርቢትሮሉ ሲገጠም የኮከቡ ማርሽና የውስጡ ዘንግ በትክክለኛው ቦታ መገናኘት አለባቸው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ፒኑን የሚይዝ ስንጥቅ አለ፤ የዚህ ስንጥቅ መስመር በኮከቡ ሁለት ጥርሶች መካከል ካለው ጎድጓዳ ጋር መገጠም አለበት። በአንድ ጥርስ ከሳተ ዘይቱ በተሳሳተ ጊዜ ወደ ተሳሳተ ክፍል ይገባል። ያን ጊዜ ኦርቢትሮሉ መለኪያ መሆኑ ይቀርና ሞተር ይሆናል፤ መሪውም ማንም ሳይነካው በኃይል ይሽከረከራል። ጣትና አንጓ ይሰብራል።

እንዲህ ካደረገ ወዲያው አጥፉ። ዘይት መጨመርም ሆነ አየር ማስወጣት አይፈታውም። ኦርቢትሮሉ እንደገና ተፈትቶ መገጣጠሚያው ይስተካከላል እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ጥሩ መካኒክ ከመፍታቱ በፊት በቀለም ወይም በጭረት ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት ካላደረገ ማኑዋሉን ማየት ግዴታ ነው።

የተቀያየሩ ቱቦዎች

በኦርቢትሮሉ አካል ላይ ብዙ ጊዜ ፒ፣ ቲ፣ ኤል እና አር የሚሉ የላቲን ፊደሎች ተቀርጸዋል። ፒ ከፓምፕ የሚመጣው ነው፣ ቲ ወደ ዘይት ቋቱ የሚመለሰው፣ ኤልና አር የግራና የቀኝ። አንዳንዱ ላይ አምስተኛ ቀጭን መስመር ይኖራል።

ኤልና አር ከተቀያየሩ ትራክተሩ ከመሪው ተቃራኒ ይዞራል። ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ሁለቱን ቱቦዎች ማለዋወጥ ይበቃል። ነገር ግን መንገድ ላይ ከወጣችሁ በኋላ መታወቅ የለበትም። ፒና ቲ ከተቀያየሩ ደግሞ መሪው የፓምፑን ኃይል አያገኝም፤ የመመለሻው መስመር ለከፍተኛ ግፊት ስላልተሠራ ጎሚኒ ሊፈነዳና ዘይት በመሪው ዘንግ በኩል ሊወርድ ይችላል።

ሁለት ሲሊንደር ያለው አክስል ላይ ስሕተቱ ይረቃል። የግራው ሲገፋ የቀኙ መሳብ አለበት። ቱቦዎቹ በአንዱ በኩል ከተገለበጡ ሁለቱም እኩል ሊገፉ ይሞክራሉ፤ እርስ በርስ ይታገሉና ጎማው አይነቃነቅም። ፓምፑ ይጮኻል፣ መሪው ይደነድናል፣ ሁሉም ሰው ፓምፑን ይጠረጥራል። ከመፈታቱ በፊት ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር ቢጻፍ፣ ወይም በስልክ ፎቶ ቢነሳ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አየር፣ አየር፣ አየር

ከጥገና በኋላ የሚመጣ የመሪ ችግር ከሁሉ በላይ የሚመነጨው ከአየር ነው። ቱቦ ሲፈታ ዘይት ይወጣል፣ አየር ይገባል። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። ስለዚህ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዞር ብሎ ይቆምና በድንገት ይዘልላል፣ ፓምፑም ያጉረመርማል። ቋቱን ስትከፍቱ ዘይቱ አረፋ አውጥቶ ነጣ ብሎ ታገኙታላችሁ።

አረፋው አየር መሆኑን ለማወቅ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዘይቱን አሳርፉት። አየር ከሆነ ቀስ በቀስ ይጠራል። ብዙ ሰዓት ቆይቶም ነጭ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ መቀየር አለበት።

አየር ማስወጣት ትዕግሥት ይፈልጋል። የፊቱ አካል እንደተነሳ ቋቱን በትክክለኛው ዘይት ሙሉ። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ፣ በዝቅተኛ ዙር) አስነሱ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አዙሩ። ጥጉ ላይ ስትደርሱ ወዲያው ተመለሱ፤ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ጥግ ላይ ሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ከልክ ሲያልፍ ዘይቱን የሚያስተነፍሰው) ተከፍቶ ዘይቱ በፍጥነት ይሞቃል። ከጥቂት ዙር በኋላ አጥፉና የዘይቱን ልክ እዩ። ሲሊንደሩና ቱቦዎቹ ስለሚሞሉ ልኩ ይወርዳል። ጨምሩ፣ ድገሙ። ዘይቱ ጎድሎ እያለ ማስነሳት ሌላ አየር ማስገባት ነው፤ ደረቅ የዞረ ፓምፕ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይበላል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አረፋው ተመልሶ ከመጣ አየሩ የቀረ አይደለም፤ አሁንም እየገባ ነው። የሚገባው ደግሞ ከቋቱ ወደ ፓምፑ ባለው የመሳቢያ መስመር ነው። ይህ መስመር ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ዘይት ወደ ውጭ ስለማይንጠባጠብ ደህና ይመስላል። ግን መስመሩ የሚስብ ስለሆነ ቀዳዳው ዘይት አያወጣም፤ አየር ያስገባል። የላላ ማሰሪያ፣ የደረቀ ጎማ ቱቦ፣ ሳይገባ የቀረ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማተሚያ) ይበቃዋል። ሞተሩ እየሠራ መገጣጠሚያው ላይ ወፍራም ግሪስ ቀቡበት። ድምፁ ከተለወጠ ቦታውን አገኛችሁት። ሌላው ደግሞ የመሳቢያው ቱቦ ራሱ ነው። ለዚህ ሥራ ያልተሠራ ለስላሳ ቱቦ ከተተካ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ይለሰልስና ወደ ውስጥ ይጣበቃል። ጠዋት ደህና የነበረ መሪ እኩለ ቀን ላይ ሲከብድ ይህን ጠርጥሩ።

መሪው ከበደ ሲባል

መሪ የሚከብደው በዘይት ብቻ አይደለም። የሲሊንደሩን ጫፍ ከጎማው ክንድ ፍቱና፣ ፊቱ ተነስቶ እያለ ጎማዎቹን በእጅ ግፏቸው። በእጅም አልሄድ ካሉ ጥፋቱ ኪንግ ፒኑ (የፊት ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ዘንግ)፣ ኩሽኔታው ወይም ግሪስ ያጣው መገጣጠሚያ ላይ ነው። ነፋስ የጎደለው የፊት ጎማም መሪ ያከብዳል። እነዚህ ምንም ወጪ የሌላቸው ምርመራዎች ስለሆኑ ቀድመው ይምጡ።

ከዚያ የግፊት ጌጅ (መለኪያ) ይገባል። ጌጁ ከፓምፕ ወደ ኦርቢትሮል በሚሄደው መስመር ላይ በቲ ቅርጽ ማያያዣ ይታሰራል። ዘይቱ ከሞቀ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ አዙሩና ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይዛችሁ ቁጥሩን አንብቡ። በመካከለኛ ትራክተሮች ላይ የመሪው ሪሊፍ ቫልቭ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ባር ባለው ውስጥ ይከፈታል፤ ትክክለኛው ልክ ግን በየሞዴሉ ስለሚለያይ ከማኑዋሉ ይወሰድ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ፓምፑን ተዉት። ጤነኛ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ግን ሁለት ተጠርጣሪ አለ፦ ፓምፑና ሪሊፍ ቫልቩ። ቫልቩ ሥር የገባች ትንሽ ቆሻሻ ግፊቱን ታፈሳለች፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይፈታና ይጠረግ፤ ርካሹ እሱ ነው።

አንዳንዱ ሰው መሪው ሲከብድ የሪሊፍ ቫልቩን ብሎን ያጠብቃል። ያለ ጌጅ ይህን ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ቱቦው፣ የፓምፑ ጎሚኒ ወይም የሲሊንደሩ ራስ ይፈነዳል። መንገድ ላይ ተጎታች እየሳበ ሳለ ቱቦው የፈነዳበት ሾፌር የሚቀረው በእጅ የሚዞር ከባድ መሪ ነው።

ፓምፑ አዲስ ከሆነና ምንም ዘይት ካልገፋ የመዞሪያ አቅጣጫውን እዩ። የማርሽ ፓምፖች ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንዲዞሩ ተለይተው ይሠራሉ፤ ቀስት ተቀርጾባቸዋል። መልኩና ብሎኑ ስለገጠመ ብቻ ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም። በተቃራኒ የዞረ ፓምፕ ዘይት አይገፋም፣ የዘንጉንም ጎሚኒ ያፈነዳል። በሚኒሞ ከብዶ ነዳጅ ሲሰጠው የሚቀልል መሪ ደግሞ በአብዛኛው ያረጀ ፓምፕ ምልክት ነው፤ ወይም የመሳቢያው ፊልትሮ ተደፍኗል።

ወደ አንድ ጎን ብቻ ከከበደ ፓምፑን እርሱት። ፓምፑ ግራና ቀኝ አያውቅም። የታጠፈ የሲሊንደር ዘንግ፣ የተቆለመመ ቱቦ ወይም ኦርቢትሮሉ ላይ ያለው የዚያኛው ጎን ቫልቭ ነው የሚፈለገው።

መሪው ጥግ ሲደርስም የማይቆም ከሆነ

ጎማው ጥግ ደርሶ መሪው ግን ቀስ እያለ መዞሩን ከቀጠለ ዘይት ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው። ትንሽ ማንሸራተት ዘይቱ ሲሞቅ ያለ ነው። በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ የሲሊንደሩ ጎሚኒ ነው ወይስ ኦርቢትሮሉ?

ለመለየት ወደ ሲሊንደሩ የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ፍቱና ጫፋቸውን ግፊት በሚችል የብረት ታፖ ዝጉ። እንጨት ወይም ጨርቅ ፈጽሞ አይሆንም። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስታችሁ መሪውን በቀስታ ሞክሩ። ደንድኖ ከቆመ ኦርቢትሮሉ ደህና ነው፤ የሚያፈስሰው ሲሊንደሩ ነው። አሁንም ከዞረ ጥፋቱ ኦርቢትሮሉ ውስጥ ነው። በሁለት ታፖ የአንድ ኦርቢትሮል ዋጋ ይድናል።

ትራክተሩ ቀጥ ብሎ አልሄድ ሲል ግን ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ቴስቲናዎቹን (የመሪ ክንዶቹን ጫፍ የሚያገናኙትን ኳስ መሰል መገጣጠሚያዎች) ነቅንቁ። ያለቀ ቴስቲና የዘይት ችግር እየመሰለ ብዙ ሰው አድክሟል።

እጅ ሲለቁት የማይመለስ መሪ

መሪውን ማዞር ስታቆሙ ጎማው መዞሩን ከቀጠለ ቫልቩ ወደ መሐል አልተመለሰም። የተሰበሩ ወይም ተገልብጠው የገቡ ዝርግ ሞላዎች አንዱ ምክንያት ናቸው። ሌላው ከልክ በላይ የጠበቁ የሥር ክዳን ብሎኖች ናቸው፤ አካሉን ጨምቀው ቫልቩን ያንቁታል። ብሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በማኑዋሉ ልክ መጥበቅ አለባቸው። በጉልበት የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነው፦ የመሪው ዘንግ። ዘንጉ ተንጋዶ ከተገጠመ ወይም ኦርቢትሮሉን ወደ ታች ከተጫነው ቫልቩ ይያዛል። ሞተሩን አጥፉና ዘንጉን ከኦርቢትሮሉ ጋር የሚያያይዙትን ብሎኖች በጥቂቱ አላሏቸው። ከዚያ በጥንቃቄ አስነሱ። መሪው ነጻ ከወጣ ጥፋተኛው ዘንጉ ነው። ኦርቢትሮሉን መፍታት አያስፈልግም።

የጠፋች ኳስ

ኦርቢትሮሉ ውስጥ ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ። ሲገለበጥ ከቀዳዳቸው ወጥተው በማጠቢያው ነዳጅ ውስጥ ይጠፋሉ፤ መካኒኩም ላያያቸው ይችላል። በመግቢያው መስመር ላይ ያለችው ከጎደለች ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በእጃችሁ ላይ ይመነጭቃል። በመግቢያና በመመለሻው መካከል ያለችው ከጎደለች ደግሞ ፓምፑ የገፋው ዘይት በቀጥታ ወደ ቋቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ እየሠራም መሪው ይከብዳል። የመጀመሪያው ያስቸግራል። ሁለተኛው የመሪውን ኃይል ያሳጣል። ቁልቁለት ላይ ሞተር ቢጠፋ በእጅ የማይሠራ መሪ ሕይወት ያሳጣልና፣ ከጥገና በኋላ፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁም መሪውን አዙሩ። ጎማው ከተከተለ መሪው ያለ ሞተርም ይሠራል ማለት ነው።

ስለ ዘይትና ስለ ቆሻሻ

ማኑዋሉ የሚለውን ዘይት ጨምሩ። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባም፤ ለሌላ ዓይነት ጎሚኒ የተሠራ ስለሆነ የሃይድሮሊኩን ጎሚኒዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይትም ጥላሸትና የብረት ብናኝ ይዞ ነው የሚመጣው። ማያያዣዎች ላይ የሚጠቀለል ነጭ ቴፕ ለውኃ ቧንቧ ይሁን፤ እዚህ ግን ፍርፋሪው ተቆርጦ ቫልቩ ውስጥ ይሰነቀራል። የሃይድሮሊክ ማያያዣ የሚታተመው በኦሪንግ ወይም በራሱ ሾጣጣ ፊት ነው።

ፓምፕ ተሰብሮ ከተቀየረ ቱቦዎቹ፣ ቋቱና ሲሊንደሩ ሁሉ መታጠብ አለባቸው። የአሮጌው ፓምፕ ብናኝ መስመሩ ውስጥ ከቀረ አዲሱንም ይበላዋል። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር፤ ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ቀናት በኋላ ደግሞ እንደገና ተከፍቶ ይታይ።

የሚያፈስስ ቱቦ ስትፈልጉ በእጃችሁ አትዳስሱ። በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ባለ ግፊት ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነና መጀመሪያ ብዙም ስለማያም ሰው ይንቀዋል። በሰዓታት ውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል፤ ጣት እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በእጅ ፈንታ የካርቶን ቁራጭ አስጠጉ፤ እርጥበቱ ይታያል። ዘይት ቆዳ ከበሳ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሂዱና ለሐኪሙ "ግፊት ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው የወጋኝ" ብላችሁ በግልጽ ንገሩት። ሕክምናው ቁስል ማጠብ ሳይሆን ቀዶ ሕክምና ነው።